ስም ያልተጠራበት ጸሎት

ግቢ፥ ግቢ የሉዌንዶ እናት… ዝናቡ ሳይመለስ ደረስሽልኝ። ዘንድሮ ሰማዩ ለከተማችን ለቾማ ቸር ሆኗል፤ የእኔ በቆሎ እንኳ ፀጉር አውጥቷል። የእናንተስ? ሉዌንዶስ ጥርስ አበቀለ? እሰይ፥ ይደግልን።

ለወንበሮቹ ነው የመጣሽው? ውሰጂ እንጂ፥ ምን ያስፈቅድሻል! ለእሑድ ነው አይደል፤ ፓስተሩ እኚያን ሰው የቤት ኅብረት መሪዎች ሁሉ አስተማሪ አድርገው ለሚሾሙበት… ሰምቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ስም አልጠራም። ሰውን በስሙ አንሥቶ ማውራት ደግ አይደለም፤ ይህንንም የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

ወንበሮቹ እንደሆኑ ሥራ ፈትተው ከርመዋል። ድሮ ረቡዕ ረቡዕ ኅብረታችን እዚህ ቤቴ ሲሰበሰብ መቀመጫ ያጣ ሰው ደጃፌ ላይ ይቆም አልነበር? አሁን ጌታ ይመስገን፥ ቤቱ ሰፍቷል፤ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ይቻላል። ጌታችን «ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት» ያለውን እንደ እኚያ ሰው አጥብቆ የፈጸመ መሪ አላየሁም። ሲረከቡን ብዙ ነበርን… ይኸው በትዕግሥት ወደ ቃሉ አደረሱን።

ማስተማራቸውስ! ሌላው መሪ ይጠይቅና ዝም ብሎ ሰው ያስጨንቃል። እሳቸው ግን ርኅሩኅ ናቸው፤ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ፤ ከዚያም መልሱን ያርማሉ። ለእኛ የሚተርፈን አሜን ማለት ብቻ ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ይቀድሙናል። ሽማግሌው ሀሞንጋ አንድ ቀን «እኔ እንኳ ይህ ቃል የገባኝ…» ብለው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፥ «አባቴ፥ ወደ እሱ እንመጣለን» አሏቸው። ሽማግሌው እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው… ቤታቸው ሆነው። የቺብዋንቱውስ ነገር ትዝ ይልሻል? ትምህርቱ ሲጀመር፥ ያ ከበቆሎ የጠመቅሁት መጠጥ ለሕፃን የሚሰጥ ጣፋጭ ነበር፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ፈልቶ፥ ዲያቆን የሚሸሸው ሆኖ ጠበቀን። ቤታቸውም እንዲሁ ሲናገሩ ያመሹ ይሆን? አንቺ ምን ታውቂያለሽ… እኔስ ምን አውቃለሁ።

ምነው ሳቅሽ? እኔ እኮ እያመሰገንሁ ነው።

አይ፥ እሱን አታንሺው። በበሩ አጠገብ ያለው ይቅር። እሱ የቺፔጎ እናት ወንበር ነው። ለመውጣት እንዲቀርባት ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምትቀመጠው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ረቡዕ ግን ራሷን ደፍታ፥ ልጇ ከመምህራን ኮሌጅ ነፍሰ ጡር ሆና መመለሷን፥ የፅንሱም አባት መካዱን ነገረችን። «ከዚህ ቤት አይውጣብኝ፤ ብቻ ጸልዩልኝ» አለች። ያን ጊዜ «እኅቴ፥ እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀበራል» ያሏት ማን ነበሩ? እንጃ… እርጅና ነው፥ ስም እረሳለሁ።

እውነትም ጠበቁላት። እሑድ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመው፥ ገበያው ድረስ በሚሰማው፥ እንዴት ብለው ጸለዩ? «ጌታ ሆይ፥ ስሟን የማልጠራትን እኅታችንን አስብ፤ ከኮሌጅ አርግዛ ለተመለሰችው ለልጇ ለቺፔጎም ምሕረት አድርግ።» አየሽ ጥንቃቄ! የእናቲቱን ስም እኮ አልጠሩም። እንግዲህ በዚህ አገር እናት በልጇ ስም ካልተጠራች በምን ልትጠራ ነው? እኔ ራሴ ጎረቤቷ፥ ሌላ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ጉባኤው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ጸሎት ላይ ነዋ… ቢሆንም ዐይኑን እንደ ጨፈነ ወደ እሷ መዞሩን ቻለበት።

አንቺ ደግሞ ባለፈው «የቺፔጎ እናት ምነው ጠፋች፥ ታማ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የዋህነትሽን ወደድሁት። ሄጄ በሯን አንኳኳሁ፤ አልከፈተችም። እዚያው በር ሥር ቆሜ «ልጄ፥ እየጸለይሁልሽ ነው» ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ?

«እማማ፥ እባክዎን አይጸልዩልኝ።»

… ክርስቲያን ከጸሎት እስኪሸሽ ድረስ መጸለይ እንዴት ያለ ጸጋ ነው! ለሁሉም አይሰጥም። ሌላ ሰው ቢሆን ድምፅ ማጉያውን ትቶ፥ ደጇ ላይ ሄዶ ቁጭ ብሎ፥ «በድዬሻለሁ» ካላት በኋላ ዝም ይል ነበር። እሳቸው ግን ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ጊዜውን ከየት ያምጡት? የእሑዱን ትምህርት መዘጋጀት አለባቸው። ርእሱ «የሰውን ልብ ማዳመጥ» ነው አሉ… ነው እንዴ? መልካም መርጠዋል። እስከ ዛሬ ስላልነኩት አዲስ እንደሆነ ይጠብቃቸዋል።

በይ፥ ደመናው ከበደ፤ ሳይዝሽ ሂጂ። ያንን አንዱን ወንበር ብቻ ተዪልኝ፤ ባለቤቲቱ የመጣች ቀን ቆማ እንዳትቀር። ቆይ ግን፥ ሳልመርቅ አልሸኝሽም። እጅሽን ወዲህ በዪ።

ጌታ ሆይ፥ ስማቸውን የማልጠራቸውን እኚያን መሪ ባርካቸው። ድምፃቸውን አትቀንስባቸው። ጉባኤያቸውን አብዛላቸው፥ ድምፅ ማጉያቸውንም አሳምርላቸው። ቀን ጎድሎባቸው፥ ልባቸው ተሰብሮ፥ ራሳቸውን ደፍተው ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት ሰው በፈለጉ ጊዜ… ልክ እንደ እሳቸው ያለ መሪ አታሳጣቸው። ለልጃቸው ለሉዌንዶም ዕድሜና ጤና ስጥልን።

አሜን በዪ እንጂ! ምነው ደነገጥሽ? ስም እንደሆነ አልጠራሁ።