ሳልጠይቀው የሸኘሁት ሰው

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ ከፈረቃ ወጥታችሁ፣ ለጡረታ ሽኝቴ ይህን አዳራሽ አሰናድታችሁ አክብራችሁኛልና እግዚአብሔር ያክብራችሁ። በኦሮምኛም ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ስናገር የሰማኝ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። ስለዚህ ዛሬ ብረዝም የተጠራቀመ ፈቃዴ ነው ብላችሁ እለፉኝ።

እዚህ ፋብሪካ የገባሁት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ማህደር አመላላሽ ሆኜ ነው። የሠራተኛ አዋጁን መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ለራሴ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ፤ ውሎ አድሮ «ይህ ይደግ፣ ያ ይሰናበት» ብዬ ሐሳብ የማቀርበው እኔ ሆንኩ።

ካቻምና የኮምፒውተር ባለሙያችን ዱሬቲ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኤክስፐርት ሲስተም የሚሉትን ልትሠራ ነው፤ የቆየ ሠራተኛ በልምድ የሚያውቀውን ይዞ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሲቀርብለት ሐሳብ የሚሰጥ ፕሮግራም። እኛ «አማካሪው» አልነው። አራት ወር ጠየቀችኝ።

«እትዬ መሰለች፣ ለምን እንዲህ ወሰኑ?»

«ደንቡ ነዋ።»

«ደንቡንማ እኔም አነበብኩት። እርስዎ ለምን?»

ልጄ ብትሆን አንድ ኩርኩም ታገኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ የድሮ ማህደሮችን ስም ሸፍና አማካሪውን ፈተነችው። አንዱን አስገባች፦ ዘጠኝ ቀን ከሥራ መቅረት፣ ማስረጃ የሌለው። «የሥራ ውሉ ይቋረጥ» ብሎ መለሰ።

«ልክ ነው» አልኳት። «እኔም ይህንኑ እል ነበር።»

ዱሬቲ የማህደሩን ሽፋን አዞረችልኝ። ማህደሩ የእኔ ነበር።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ቀርቻለሁ። ማን ወረቀት ጠየቀኝ? ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተ አይደላችሁ?

ያኔ ትዝ ያለኝ መርዳሳ ነው። የቆያችሁ ታውቁታላችሁ፤ የማሸጊያ ክፍሉ ረጅም፣ ሳቁ ከማሽኑ በላይ የሚሰማው። እኔ ባሌን በቀበርኩ በሁለተኛው ዓመት እሱ ስድስት ቀን ቀረ። ሲመለስ የቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አንዴ ላስረዳ።»

«ወረቀት ይዘሃል?»

«ወረቀትስ የለኝም።»

«እንግዲያው ምኑን ታስረዳኛለህ?»

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ተሰናበተ። ምናልባት ጥፋተኛ ነበር፤ ምናልባትም ሰው ሞቶበት ነበር። አላውቅም። አለማወቄን አሥራ አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

በማግስቱ ዱሬቲን አንድ ጥያቄ አስጨመርኳት፦ ሠራተኛው ፊት ለፊት ተጠይቋል ወይ? ምን አለ? ማን ጠየቀው? ይህ ካልተሞላ አማካሪው ወደፊት አይሄድም።

አቶ ሰይፈሚካኤል ባለፈው ወር «እትዬ መሰለች፣ ያስገባነው እንዲያፋጥንልን አልነበረም? ጥያቄዋን ብናወጣትስ?» አሉኝ። ልክ ነዎት፣ ታዘገያለች። ግን ሊሰናበቱ ከቀረቡት አሥራ አንድ ሰዎች አራቱ ተጠይቀው በሥራቸው ላይ ቆይተዋል። ሦስቱ እዚህ ተቀምጠዋል፤ አራተኛው ፈረቃ ላይ ነው፣ እኛ ስናወራ ማሽኑ እንዳይቆም።

አማካሪውን እመኑት። እኔ ያኮረፍኩበት ቀን ነበረኝ፤ እሱ አያኮርፍም፣ ለዘመድም አያዳላም። ያልነገሩትን ግን አያውቅም። ጥያቄዋን እንዳያወጧት እለምንዎታለሁ። በሰው ፊት የምለምነው ምስክር እንዲኖረኝ ነው።

ያን ባዶ ወንበር አያችሁት? የመርዳሳ ነው። አቦምሳ እንደሚኖር ሰምቼ ለዛሬ ጠርቼው ነበር። አልመጣም። ድሮ ቢሆን «ያለ በቂ ምክንያት ቀርቷል» ብዬ እጽፍ ነበር። ነገ ጠዋት በአቦምሳ መኪና እሄዳለሁ። በተራዬ በሩ ላይ ቆሜ ለምን እንደቀረ እጠይቀዋለሁ፤ የዛሬውንም፣ የያኔውንም።

እናንተን ፈጣሪ በጤና ያቆያችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ ጡረታችሁን ቆማችሁ ተቀበሉ። የቀራችሁ ቀንም ጠያቂ አያሳጣችሁ።