አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቁት ዶክተር ጉድሩን

ውድ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ኬክ ሸቷችሁ የመጣችሁ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሰዎች፤

ሰው ሻይ ጠጣ ሲባል ስንት ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ካለ ነው የምር ያልፈለገው? ይህን ያልጠየቀ የለም። እዚህ በምዕራብ አየርላንድ መልሱን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው፤ ሦስት ጊዜ። አንዱ ለጨዋነት፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፣ በሦስተኛው ላይ ስኒው እጃችን ገብቷል።

ዛሬ የምንሸኛቸው ዶክተር ጉድሩን ከሰሜን ጀርመን ሲመጡ ግን ይህን የነገራቸው አልነበረም። እኔ ያኔ አልተወለድኩም ነበር። የነገሩኝ ጸሐፊያችን ወይዘሮ አትራክታ ናቸው፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ እውነት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተር ጉድሩን ሻይ አፍልተው ወደ ፕሮፌሰር ፊንባር ቢሮ ገቡ። ፕሮፌሰሩ ያኔ ገና ወጣት መምህር ነበሩ፣ ዛሬ አለቃችን ናቸው።

«ሻይ ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ አይ፣ አይቸገሩ።»

«ጥሩ» አሉና በራዱን ይዘው ወጡ።

«በሩን እያየሁ ቀረሁ። ተመልሳ ትመጣለች ብዬ እስከ ምሳ ጠበቅኳት» ይላሉ ፕሮፌሰር ፊንባር። በዚያ ሳምንት ከዶክተር ጉድሩን ከራሳቸው በቀር ሻይ የቀመሰ አልነበረም።

ደግሞ ሌላ። ፕሮፌሰር ፊንባር እንደማንኛችንም «አንድ ቀን ቤት ብቅ ይበሉ» አሏቸው። ትርጉሙ «ደህና ዋሉ» ነው። ዶክተር ጉድሩን ግን «የትኛው ማክሰኞ?» አሉ። ማክሰኞም ኬክና የቤት ውስጥ ጫማቸውን ይዘው ከች! የፕሮፌሰሩ ቤት ገና እየተሠራ ስለነበር ጣሪያ አልነበረውም። ጃንጥላ ዘርግተው ቁጭ አሉ፣ ኬኩን ቆራረሱ፣ ሲነሡም «ደስ የሚል ቤት ነው። ጣሪያ ግን ይጎድለዋል» አሉ።

የእኔን ደግሞ እኔው ልናገር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለመስክ ትምህርት ረግረጉ ላይ ወጥተን መስመጥ ጀመርኩ።

«ደህና ነሽ ብሮና?»

«ደህና ነኝ፣ አይጨነቁ!»

«ጥሩ» ብለው ሌሎቹን ተማሪዎች ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ አንዲት በግ በሐዘኔታ እያየችኝ ነበር።

«ሰምጠሻል እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ እስከ የት ነው?»

«እስከ ወገብ።»

«ታዲያ ወገቤ ደርሷል ብትይኝ ምን ነበረበት!»

ጎትተው አወጡኝ። አንደኛው ቦቲዬ እስካሁን እዚያው ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የምፈልገውን መናገር ተማርኩ። ተመርቄ እንደወጣሁ ቢሯቸው ገብቼ «እንደ እርስዎ ማስተማር እፈልጋለሁ» አልኩ። «ጥሩ፣ ሰኞ ጀምሪ» አሉኝ። እድሜ ልኬን ስፈራው የኖርኩት ንግግር ይህን ያህል ነበር የፈጀው።

አባታቸው በአገራቸው ረግረግ ሲያደርቁ ኖረዋል። ልጅቷ ያልደረቀ ረግረግ ለማየት ለአንድ ዓመት ብላ መጣች፤ በዚያው ቀረች። የእኛ ረግረግ ዛሬም እርጥብ የሆነው ዶክተር ጉድሩን ሊያደርቁት ማሽን ይዘው የመጡ ሰዎች ፊት ቆመው «አይሆንም» ስላሉ ነው። አንዴ ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ሳምንት ቢሯቸው ስገባ መጻሕፍት በካርቶን ሲያሽጉ አገኘኋቸው። ቅዳሜ ወደ አገራቸው መርከብ ይሳፈራሉ።

«የጸደዩን የመስክ ትምህርት እንዲቀጥሉ አልጠየቁዎትም?»

«ጠይቀውኛል።»

«እና?»

«አይ፣ አይ፣ ለወጣቶች ቦታ ልልቀቅ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ፊንባር ‹ጥሩ› ብሎ ወጣ።» አንድ መጽሐፍ ካርቶኑ ውስጥ ከተቱ፣ መልሰው አወጡት። «በሩን እያየሁ ቀረሁ፣ ብሮና። እስከ ምሳ ጠበቅኩት።»

ሮጬ ፕሮፌሰር ፊንባር ዘንድ ገባሁ።

«እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?»

«አልፈልግም አለች እኮ! አይ ማለት አይ ነው ብላ ያስተማረችን ማን ሆነና?»

ወይዘሮ አትራክታ ከጠረጴዛቸው ሆነው «በሉ እንግዲህ! እሷ እኛን ሆነች፣ እኛ እሷን ሆንን፤ ሻዩን ሦስት ጊዜ የሚያቀርብ ሰው ጠፋ» አሉ።

ስለዚህ ብርጭቆ አንሡ። ዶክተር ጉድሩን፣ ስላስተማሩን፣ ከረግረግም ከይሉኝታም ጎትተው ስላወጡን እናመሰግናለን። ጤናና ደረቅ ካልሲ ይስጥዎ።

አንደኛውን ፕሮፌሰር ፊንባር ጠይቀዋል። ሁለተኛውን እኔ ልጠይቅ፤ የጸደዩን ትምህርት ይዘው ይቆዩልን። አይ ሊሉ ነው፤ ይበሉ፣ ደንቡ ነው... አሉ! ሰማችሁ? እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛው የሁላችንም ነው። የሒሳብ ክፍል ሰዎች፣ እናንተም፤ ኬኩን በልታችኋል። በአንድ ድምፅ፤ ዶክተር ጉድሩን፣ ይቆዩልን?

ይመልሱልን። በሩን እያየን ነው፤ እስከ ምሳ እንጠብቃለን።