ሲኒማ ቤት ውስጥ ስላስመለሳት የሌላ ሰው ልጅ

የተጠርጣሪ ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪዋ መጠሪያ፦ የመንትዮቹ እናት (በሥራም በሰፈርም በሌላ ስም የሚጠራት የለም)
ዕድሜ፦ 37
ሥራ፦ የጫማ መደብር ሻጭ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደወሉ የማይሠራው በር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት
የቀረበችበት ጉዳይ፦ ከሲኒማ አዳራሽ ሕፃን ሰርቃለች በሚል ተጠርጥራ

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን ሲኒማ ቤት ገብቻለሁ። ብቻዬን የሚለው ይሰመርበት። መንትዮቹ ከተወለዱ ወዲህ ብቻዬን የምገባበት ቦታ መታጠቢያ ቤት ሲሆን፣ እሱም በሩ እየተደበደበ ነው። ዛሬ ግን ባለቤቴ «ሂጂ፣ እኔ እይዛቸዋለሁ» ብሎ በገዛ አፉ ስለተናገረ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ቦርሳዬን አንስቼ ወጥቻለሁ። የምን ፊልም እንደሆነ አልጠየቅሁም። «እማዬ» የሚል ሰው የሌለበት ይሁን እንጂ ሌላው ግድ አልነበረኝም።

የአዳራሹ ወለል ጫማ ይዞ ያስቀራል። የወንበሬን መደገፊያ ስይዝ ማስቲካ ነክቻለሁ፤ ገና ለስላሳ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ጫማውን አውልቆ እግሩን ጆሮዬ አጠገብ፣ ወንበሬ ላይ ሰቅሏል። በሥራዬ የስንቱን እግር የማይ ሰው ስለሆንኩ በቀላሉ አልደነግጥም፤ የዚህ ሰው ካልሲ ግን ለብቻው ቆሞ መሄድ የሚችል ዓይነት ነበር። ዞር ብዬ እግሩን እንዲያወርድ ብጠይቀው እሱም እንደኔው ትኬት መቁረጡን ነግሮኛል። ይህ ሰው አሁን ከሳሽ ሆኖ የቀረበው የልጅቱ አባት ነው። በወቅቱ ልጅ ይዞ መምጣቱን አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ፊልሙ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትዮ ባሏን ጥላ ልትሄድ ሻንጣዋን እየዘጋች ሳለ፣ በጨለማው ውስጥ ትንሽ እጅ ቀሚሴን ሳበ። «መጣብኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ የሆነውን የሠራው እጄ እንጂ እኔ አይደለሁም። ዓይኔን ከሻንጣው ላይ ሳልነቅል መዳፌን አገጯ ሥር ዘርግቼ ያስመለሳትን ተቀበልኩ። ለብ ያለ ነበር። መዳፌ ሲሞላ የተረፈውን ባንገቴ ሻርፕ ተቀብዬ፣ ልጅቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ። የማን ልጅ ናት ብዬ አላሰብኩም። የሚያስመልሰው ልጅ ሁሉ የኔ ነው ብሎ ሰውነቴ ካመነ ቆይቷል።

የመጸዳጃ ቤቱን ነገር መርማሪው «ይለፈን» ስላሉ አሳጥረዋለሁ። ውሃው ያለው ወለሉ ላይ እንጂ ቧንቧው ውስጥ አይደለም። ሳሙናው ላይ የሰው ፀጉር ተጣብቋል፤ የራስ ፀጉር ነው ብዬ ለማመን ሞክሬአለሁ። ከቦርሳዬ የማይጠፋውን እርጥብ ሶፍት አውጥቼ አፏን፣ አንገቷን፣ የጆሮዋን ጀርባ ከጠራረግኩ በኋላ ነው በመብራቱ ያስተዋልኳት። የኔ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ይህችኛዋ ሪባን አላት።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አልኳት።

«የአባዬ።»

«አባዬስ የት አለ?»

«ስልኩ ውስጥ» አለችኝ።

ወዲያው አባትየው በካልሲው ሮጦ ገባ። በዚያ ወለል ላይ በካልሲ መቆሙን ሳስበው አሁንም ይሰቀጥጠኛል። «የልጅ ሌባ!» ብሎ ክንዴን ያዘ፤ ሰው ግር ብሎ ተሰበሰበ። ትኬት ቆራጯ፣ ከገባሁ ጀምሮ ሁኔታዬ እንዳላማራት፣ ባለትዳር ሴት በቅዳሜ ምድር ብቻዋን ሲኒማ ምን እንደምትሠራ እንዳልገባት ለሕዝቡ አስረድታለች። የልጅ ሌባ የሚለው ስም ከተለጠፈብኝ ሰፈራችን ውስጥ ልጇን የምታሳየኝ እናት አትኖርም፤ የመንትዮቹ መዋዕለ ሕፃናትም የራሴን ልጆች አይሰጠኝም።

ፖሊስ ተጠርቶ ጣቢያ እንደደረስን ባለቤቴ ደውሎ የትንሹ ሱሪ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ልጅ በመስረቅ ተጠርጥሬ ፖሊስ ጣቢያ መሆኔን ብነግረው «እሺ፣ ስትመለሺ ዳይፐር ይዘሽ ነይ» ብሏል።

አባትየው በሰጠው ቃል ልጁ ከቤት ከወጣች ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች፣ እኔ በከረሜላ አደንዝዤ እንደወሰድኳት ተናግሯል። በዚህ ጊዜ በላስቲክ ታስሮ የመጣው ሻርፔ እንዲፈታ ጠይቄአለሁ። መርማሪው አፍንጫቸውን በክርናቸው ሸፍነው ፈቱት። በውስጡም የተጠበሰ ድንች፣ ፈንዲሻ፣ ሮዝ አይስክሬምና ሳይታኘክ የተዋጠ ቋሊማ ተገኝቷል። ከረሜላ አልተገኘም። መርማሪው ልጅቱን ማን እንደሰጣት ቢጠይቋት፣ አግዳሚው ላይ እግሯን እያወዛወዘች «ሆዴን አመመኝ ስለው አይስክሬም ገዛልኝ፤ እንሂድ ስለው ቋሊማ ገዛልኝ» አለች።

እስከዚያች ሰዓት «ይቺ ሴትዮ» እያለ ሲጠራኝ የነበረው ሰው ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ «እህቴ፣ እናቷ እየመጣች ነው፤ ምሳዋን በሥርዓት በልታለች ብያታለሁ። በናትሽ እዚሁ እንታረቅ» አለኝ። ከአፉ የቋሊማው ሽታ ይመጣ ነበር።

መጀመሪያ ክሱን በጽሑፍ እንዲያነሳ ጠየቅሁ፤ አንስቷል። ቀጥሎ ሻርፔን በገዛ እጁ እንዲያጥብ ጠየቅሁ። የፖሊስ ጣቢያ የልብስ ማጠቢያ ቤት አይደለም ብሎ ሲከራከር፣ መርማሪው ቧንቧው ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር እንደሚገኝ አመልክተውታል።

ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት በመስኮቱ ይታየኛል። ሻርፑን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ ፊቱን አዙሮ ያሻል። ልጅቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «እዚህ ጋ ቀርቷል አባዬ» እያለች ታሳየዋለች። አሁን ደግሞ በግቢው በር አንዲት ሴት ገብታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከኋላቸው ቆማለች። እሱ ገና አላያትም። ስለዚህ ከፈረምኩ በኋላ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት፣ እዚሁ መስኮት አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ እንድቀመጥ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ የኔው ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከእውነቱ የጎደለው ሽታው ብቻ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ ____________ (መርማሪው የዚያን እጅ አሻራ አልፈለጉም)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________