የደጉ ሰው ካሮት

እንዴት አረፈድክ፣ ብሩሽ? በሩን ልዝጋው ወይስ ይከፈት? ንፋሱ ቀለምህ ላይ አቧራ እንዳያመጣብህ ብዬ ነው… ለነገሩ በዚህ ደሴት አቧራ ከየት ይመጣል። እሺ፣ ገርበብ ላድርገው።

የቱ ላይ ልቀመጥ? ያልተቀባው የቱ ነው? ባለፈው ከዚህ በርጩማ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይዤ ተነስቼ፣ እስከ ወደቡ ድረስ ሰው ሁሉ ከኋላዬ «ጋሼ ለመለሙ» ሲለኝ ዋለ። ደግሞ መነጽር አደረግህ? ያምርብሃል። እንግዲህ መስመር አይጣመምብህም። ዓሣ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የጻፍካቸው ፊደላት እኮ ቁልቁል ወደ ባሕሩ እየሄዱ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ የዓሣ ነገር ነው።

አሜን… አሜን። ያጽናን። አዎ፣ ንጋት ላይ ነው። ሻይ አፍላልኝ አለችኝ፣ አፈላሁ፣ ሳይቀዘቅዝ ሄደች። ታላቅ እህት ናት፤ እኔ እንድጠጣው ብላ ይሆናል። ጠጣሁት።

ለእሷ ነው የመጣሁት። ትንሽ ሰሌዳ፣ ክንድ የማትሞላ። «ሸራ ሰፊዋ» በልና ተወው። የምንቀብራት ነገ ጠዋት ነው… ግን አትቸኩል፣ መጀመሪያ የያዝከውን ጨርስ። ይሄ ትልቁም ለነገ ጠዋት አይደል? መጋረጃ ተጋርዶበት፣ እንግዳ ከማዶ መጥቶ፣ ተጨብጭቦ የሚገለጠው? እሱ ይቅደም። ሕያው ሰው ይቀድማል። ሙት የት ይሄዳል ብለህ ነው?

…አይ፣ አሁንስ ይሄዳል። እሱን ረስቼው ነው።

ጥሩ ነገር ነው የታሰበው፣ እህቴ ትሙት… ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ከእንግዲህ በእሷም አይማልም። የሽማግሌዎቻችን የሕይወት ታሪክ በየደጃቸው በሰሌዳ ይጻፍ መባሉን ነው የምልህ። ደሴታችንም እንደ ሰው ታሪክ ይኑራት። የሚቀጥለው የአዋላጇ ነው አሉ፤ ከዚያ የጀልባ ነጂው። ከሁሉ ቀድመው ግን እሳቸው፣ የዚህ ትልቁ ሰሌዳ ባለቤት። የደሴቱን ኮሚቴ የሚመሩት ራሳቸው ስለሆኑ ነው የሚል ሰው አለ? ሰው ክፉ ነው። በፊደል ተራ ይሆናል። ስማቸውን እንኳ አልጠራም፤ አንተ ጽፈኸዋል፣ ቀለሙም ገና አልደረቀም፣ በምራቄ እንዳላበላሸው።

ላየው? አብሯቸው ያደገ ሰው ቢያየው ብለህ ነው? ደግ አደረግህ። እኔና እሳቸው አፈር ፈጭተን፣ ውሃ ተራጭተን ያደግን ነን። ኋላ ስንካፈል ውሃው ለእኔ፣ አፈሩ ለእሳቸው ደረሰ እንጂ።

«በባዶ ድንጋይ ላይ ሕይወት የዘሩ።» አይ አጻጻፍ! ልክ ነው፣ ባዶ ድንጋይ ነበር። አንተ አልደረስክበትም። በእኛ ጊዜ ከማዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጆንያ አፈር ሳይዝ ከጀልባ አይወርድም። ዳኛም ይሁን ነጋዴ አይቀርለትም። ሙሽራ እንኳ በአንድ እጇ የቀሚሷን ጫፍ፣ በሌላው የአፈር ከረጢቷን ይዛ ስትወርድ አይቻለሁ። ያ ሁሉ አፈር የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ላይኛው ግቢ፣ መቃብሩ። ሕያው ዓሣ በልቶ ያድራል፣ ሙት ግን ያለ አፈር አያድርም ይሉ ነበር እናቶቻችን። በዚያ አፈር አንድ ራስ ሽንኩርት የተከለ ሰው፣ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም ነበር።

ተሸካሚዎቹ እኛ ነን። እኔና እሳቸው። ያኔ «እሳቸው» አልነበሩም፤ «አንተ» ነበሩ። አባቴን ባሕር ወሰደው፣ እናቴ ሸራ ትሰፋለች፣ እኔ ጆንያ ተሸክሜ ደረጃውን እወጣለሁ። ጢም ሳላወጣ ትከሻዬ ጠጥሮ ነበር። ጆንያው ዝናብ የመታው ቀን፣ ከኋላ ሰው የሚጎትትህ ነው የሚመስልህ። የቀን ዋጋችን ዳቦ ነው። እሳቸው የራሳቸውን ቶሎ ይበሉና «እጅህ አፈር ነው፣ ያንተን ልያዝልህ» ይሉኝ ነበር። ያኔም ለሰው አሳቢ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም። የበላሁትን አውቃለሁ፤ የበላኝንም።

እናቴ ስትሞት እህቴ የስፌት ቀለበቷን ከጣቷ ሳታወልቅ ቀበረቻት። መርፌ የምትገፋበት፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ የነሐስ ቀለበት፤ ጎኑ በመርፌ ብዛት የተጠቀጠቀ። «እዚያም የተቀደደ ነገር አይጠፋም» ብላ ነው። አፈሯን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን፣ የረዳኝ የለም… አይ፣ ተሳሳትኩ፣ እሳቸው አካፋ ይዘው ቆመው ነበር። አካፋ ድሮም ይወዳሉ።

ከዚያ ያ ትልቁ ማዕበል መጣና የላይኛውን ግቢ አጥር ጣለው። ጠባቂ ያስፈልጋል ተባለ፤ ቁልፍና አካፋ ለእሳቸው ተሰጠ። ቤታቸው ከላይኛው ግቢ ግንብ ሥር ነው፣ ይመቻል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ በእሳቸው ግን አይፈረድም፣ እሳቸው የበሉት ሰላጣ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጓሯቸው ለመለመ። ጎመን በለው፣ ቲማቲም በለው፣ ካሮት በለው! አፈሩ ከየት መጣ ሲባሉ ከማዶ በልዩ ጀልባ አስመጣሁት አሉ። መቼም ትሑት ጀልባ ነበር። ማንም ሳያየው መጣ፣ ማንም ሳያየው ሄደ። የወደቡ ውሻ እንኳ አልጮኸበትም።

ስለዚህ ይሄን «አፈሩን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው» የሚለውን አትንካው። እውነት ነው። በገዛ ጀርባቸው ነው። አፈሩስ የማን ነው ብሎ ሰሌዳ አይጠይቅም፤ ሰሌዳ ጠባብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ተረት እሳቸው ጋ ሲደርስ ተሳሳተ፤ የደሴቱን ሁሉ ሸክም ብቻቸውን ተሸክመው፣ ይኸው ጌጥ ሆነላቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል… ከሙት ደጃፍስ? አልጨርሰውም። አንተ ሰዓሊ ነህ፣ ሳይነግሩህ ይታይሃል።

እኔ ሲታሙ አልወድም። እስቲ አስበው፣ ስንቱ አገር ሙታኑን ዝም ብሎ አስተኝቶ ይኖራል! እሳቸው ግን ሙት እንኳ ሥራ ፈት እንዲሆን አልፈቀዱም። እንዲህ ያለ አስተዳዳሪ የት ይገኛል?

እህቴ አትክልት የምትገዛው ከእሳቸው ነው። ከማን ትግዛ? በደሴት ላይ ከባለ ጓሮ ተጣልተህ የት ትሄዳለህ፣ በውሃ ላይ ልትራመድ ነው? ጥቂት ዓመት ሆነው፣ አንድ እስር ካሮት ይዛ መጣች። እኔ መቅዘፊያ እየጠገንኩ ነው፣ እሷ ታጥባለች። አንዱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ካሮቱ ወገቡ ላይ ታንቋል። ቀለበት አጥልቆ ነው ያደገው። የነሐስ ቀለበት፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት፣ ጎኑ የተጠቀጠቀ…

ከዚያ ቢላ አነሳች፣ ቀለበቱን አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችና ጣቷ ላይ አደረገችው። ልክ ሆነ። እኔ ወጣሁ። ስመለስ «ካሮቱንስ ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ቀቅዬ በላሁት።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!»

«ምን ላድርግ? ከእናቴ እጅ የመጣ ይጣላል እንዴ?» አለችኝ። ጨው አንሶት ነበር አለች ደግሞ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። ሙት ራሱ ሲወቅስስ ምን ይባላል? በካሮት ሲልክብህ?

በሌላ ቀን ተመልሳ ሄደች። እጇን ዘረጋችና «ጌታው፣ ካሮትዎ ጌጥ ያወጣል» አለቻቸው። ቀለበቱን አዩት። እሷን አዩ። ምን ያደረጉ ይመስልሃል? «ይሄ ደግሞ ምርቃት» ብለው አንድ እስር ጨመሩላት። ደግ ሰው እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር።

ዝናቡ ትዝ ያላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮሚቴውን ሰበሰቡና የላይኛውን ግቢ አፈር ዝናብ አጥቦ ወስዶታል፣ የቀረው ድንጋይ ነው፣ በሩ ይዘጋ፣ ከእንግዲህ የሚሞት ሰው ማዶ ይቀበር አሉ። ሲናገሩ ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ እንደ ውሃ እያሳሳቁ ነው የሚወስዱህ። ተጨበጨበ። እኔን የገረመኝ የዝናቡ ብልሃት ነው። ቁልቁል ወደ ባሕር መውረዱን ትቶ፣ ግንቡ ጋ ሲደርስ ወደ እሳቸው ጓሮ ታጠፈ። አድራሻ የሚያውቅ ዝናብ። በዚያው ላይ ለሙታን ጀልባው በነጻ ይሁን አሉ። ልብ በል፣ ለመሄጃ ብቻ ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ለጀልባ ሸራ ትስፋ እንጂ፣ ጀልባ ላይ ስትወጣ እንደሚያጥወለውላት አገር ያውቃል። የነጂው ጫማ ይመስክር። «በሕይወቴ ያስመለሰኝ ይበቃል» አለች፤ «ሞቼ ደግሞ ሰው ላበላሽ? ከእናቴ ጎን አድርገኝ።» እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ይችን አንዲት ነገር ነው… ከእናቷ ጎን።

ዛሬ ጠዋት ወደ እሳቸው ሄድኩ። ቁልፉን ይስጡኝ አልኩ። አቀፉኝ። አለቀሱልኝም፣ እውነቴን ነው፤ እንባ ላይ ንፉግ አይደሉም። «ቦታውን አልነፈግሁህም፣ ወንድሜ» አሉኝ፤ «ቁልፉ ይኸው። ግን በምን ታለብሳታለህ? አፈር የለም እኮ!» ይህን ሲሉኝ የቆሙት የካሮቱ መደብ ላይ ነው። ጫማቸው አፈሩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰጥሟል። ልክ ነው፣ አፈር ያስቸግራል አልኳቸውና ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ሰፈር ወረድኩ። ብዙ አላወራሁም፤ ታውቀኛለህ። ለአዋላጇ ብቻ ነገርኳት። ለአዋላጇ የተነገረ ደግሞ… አንተ ከቀለምህ ቀና አላልክም እንጂ፣ አሁን ወደዚህ ስመጣ በየቤቱ መስኮት ላይ ጆንያ ታጥቦ ተሰጥቷል። ያ የድሮው ጆንያ! እኔ አይጥ የጨረሰው መስሎኝ ነበር። ሰው ግን አንዳንድ ነገር አጣጥፎ ያስቀምጣል።

ነገ ጠዋት እህቴን ይዘን ወደ ላይኛው ግቢ እንወጣለን። መንገዱ በእሳቸው በር ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። እንግዶቹ ተሰብስበው፣ መጋረጃው ሊገለጥ ሲል እንደርሳለን። ታዲያ የለቅሶ ሰው ሆነህ በደስታ ቤት ዝም ብለህ ታልፋለህ? አይባልም። ቆመን እንኳን ደስ ያለዎት እንላቸዋለን። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የጆንያውን አፍ ከፍቶ፣ እህታችንን የምናለብስበት አንድ ጆንያ አፈር ይለምናቸዋል። ይለምናል ነው ያልኩህ። በትሕትና። አካፋውን እኛው እንይዝላቸዋለን።

እምቢ ይሉ ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ይኸው፣ አንተው ጽፈኸዋል፣ የመጨረሻው መስመር… «ያላቸውን ሁሉ ለደሴቱ ሕዝብ የለገሱ።» ይችን መስመር አደራ። ወፈር፣ ደመቅ አድርጋት። ጆንያ ይዞ ከሰልፉ ጫፍ የቆመ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ እንኳ እንዲያነባት። ከማዶ የመጡት እንግዶችም ጮክ ብለው ያንብቧት። እኔ እንዳልኩህ አትንገራቸው፤ ለውበቱ ነው። ቀይ አለህ? ቀይ ከሌለህ ጥቁሩን ደርብባት።

የእህቴን ሰሌዳ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። አትሸኘኝ፣ ቀለምህ ይደርቅብሃል። እሳቸው ሥራውን ሊያዩ ብቅ ማለታቸው አይቀርም፤ ሲመጡ ሰላም ብሎዎታል በላቸው። ቅር አላለውም በል። እንዲያውም መርቆዎታል በላቸው… ቆይ፣ አሁን ልመርቃቸው፣ አንተ አሜን በል።

ጓሯቸውን ይባርክ። ጉልበታቸውን ያጽናው። አካፋ ከእጃቸው አይለይ። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጣቸው፤ ከልጅ እስከ አዋቂ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር፣ ሁላችንንም በገዛ እጃቸው ቀብረው፣ በዚህ ደሴት የመጨረሻው ሰው እሳቸው ይሁኑ።