የሀምዳ ሪዝቅ

ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር የአዋሽን ገደል ተሻግሮ ሲያፏጭ ከተማው ነቅሎ ይወጣ ነበር። ሎሚ ሻጩ፣ እንቁላል ቀቅላ ያመጣችው፣ ዘመድ ጠባቂው፣ የሚጠብቀው የሌለው ሥራ ፈት ሳይቀር ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወጣት ለዘመቻ የሚታፈስበት፣ እናት በሬዲዮ ዜና የምትደነግጥበት ክፉ ጊዜ ነበር። ሆኖም ያንን ከተማ ያየ ሰው ዛሬ ሲያስታውሰው፣ ቀድሞ ትዝ የሚለው ክፋቱ ሳይሆን ያ ፉጨትና በፉርጎው መስኮት የሚዘረጋው የመንገደኛ እጅ ነው።

በአንድ የግንቦት ቀን ወይዘሮ ሐቢባ በዚያ ግርግር መካከል ቆመው ነበር። ወይዘሮ ሐቢባ ከወሎ፣ ከባቲ በኩል በሙሽርነታቸው መጥተው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፍተው የኖሩ ሴት ናቸው። ከማሉዲን የሚባለው አንድ ልጃቸው ወደ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የዚያን ዕለት የሚጠብቁት የዱቄት ወተት ነበር፤ አንዲት ነጋዴ ከድሬዳዋ ላምጣልዎ ብላቸው ነበርና። ቆርቆሮውን ተቀብለው ፊታቸውን ወደ ቤት ሲያዞሩ፣ ከባቡሩ የወረደች አንዲት ሴት ትክ ብላ አየቻቸው።

“እትዬ ሐቢባ! አላወቁኝም? የሐዲድ ጠጋኙ የሀብተ ሥላሴ ልጅ ነኝ፤ አስካለማርያም!”

“አንቺ! ያቺ ከሻይ ቤቴ በር የማትጠፋዋ?” ብለው አገላብጠው ሳሟት። “ወላሂ፣ መልክሽ የናትሽ ሆኗል። ምን ሆንሽ? የት ገባሽ?”

አስካለማርያም ነርስ ሆና በድሬዳዋ እናቶችን እንደምታዋልድ፣ አሁንም እኅቷን ልትጠይቅ ወደ ናዝሬት እየሄደች እንደሆነ ነገረቻቸው። ወዲያው ባቡሩ ተበላሽቶ እስከ ነገ እንደማይነሣ ተሰማ። መንገደኛው ሲያጉረመርም ወይዘሮ ሐቢባ ግን ደስ አላቸው።

“ለኔ ብሎ ነው የተሰበረው። ነይ፣ ቤትሽ ግቢ።”

መንገድ ላይ አስካለማርያም ቆርቆሮውን አይታ “ወተቱ ለማን ነው፣ እትዬ?” ስትል ጠየቀች።

“ለልጅ ልጄ ለሀምዳ ነው።”

“ውይ! እናቷ አልፋ ነው?”

“ኧረ አላህ ይጠብቃት! ኡሙሀኒ አለች፤ ጡቷም ምንጭ ነው። ግን አስተማሪ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ስላለቀ ገና ሲነጋ በሠራተኛ መኪና ወደ ጥጥ እርሻው ትሄዳለች፤ የምታስተምረው እዚያ ነው። እስክትመለስ ልጅቷ ጾሟን ትዋል?”

ቤት ሲደርሱ ሀምዳ በጓሮው ጥላ ሥር ተኝታ ነበር። አስካለማርያም አቅፋ አየቻት፤ ክንዷ ቀጥኗል፣ ዓይኗ ጎድጎድ ብሏል። አጠገቧ ጡጦዋ ተቀምጧል፤ ዝንብ ጠባብ አፉን ከቦታል።

“ተቅማጥ አላት?”

“ይሄዳል፣ ይመለሳል። የጥርስ ነው ብለን ነው።”

“ጥርስ አይደለም፤ ጡጦው ነው። ውሃው ካልፈላ፣ ጡጦው በደንብ ካልታጠበ፣ በዚህ ሙቀት ላይ ዝንብ ሲጨመርበት ለሕፃን መርዝ ይሆናል። አሁኑኑ ክሊኒክ እንውሰዳት፤ ዛሬ የምታገኘው መድኃኒት ነገ አይደርስላትም።”

ወይዘሮ ሐቢባ ክፉኛ ደነገጡ። ሕፃኗን ይዘው ወደ ክሊኒኩ ሮጡ። ለተቅማጡ የሚበጠበጥ ዱቄት ተሰጣት፤ የእናቷንም ጡት እንዳታቋርጥ ታዘዘ። ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ኡሙሀኒ ከሥራ ገብታ ነበር። መጻሕፍቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጇን ስታይ መጻሕፍቱን ጥላ ተቀበለቻትና ወዲያው አጠባቻት። ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ወገቧ በወተት ረጥቦ ነበር።

ሕፃኗ ጠግባ ስታንቀላፋ አስካለማርያም ጨዋታውን ጀመረች።

“እትዬ፣ ለሀምዳ ከየትም አገር ወተት ማስመጣት አያስፈልግም። እናቷ ጧት ከመሄዷ በፊት በንጹሕ እጇ አልባ ታስቀምጥላት። እርስዎ ቀን ቀን በፊንጃል ይስጧት።”

ወይዘሮ ሐቢባ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቁጣ ነበረበት።

“አልባ? ሰው ይታለባል እንዴ? እኔ ፍየል ሲታለብ፣ ግመል ሲታለብ አይቻለሁ። የልጄን ሚስት ከጋጣ ልታስገቢያት ነው?”

“ፍየል የምትታለበው ለባለቤቷ ነው። ይህች ግን የምታልበው ለራሷ ልጅ ነው። ነውሩ የቱ ላይ ነው?”

“ደግሞ ከጡት የወጣ ወተት ይሞታል። ሕይወቱ ከእናት ሙቀት ጋር ነው።”

“ይህን ያሉት ስለሚበላሽ ነው፤ እውነትም አለዎት። በአዋሽ ሙቀት ውጭ ከተተወ ብዙ አይቆይም። እርስዎ ግን ለስላሳ የሚያቀዘቅዝ የላምባ ፍሪጅ አለዎት። እዚያ ውስጥ ጧት የታለበው እስከ ማታ ምንም አይሆንም። ሊሰጧት ሲሉ ኩባያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው፤ እሳት ላይ መጣድ የለም። የተረፋትን ይደፉታል እንጂ መልሰው አያስቀምጡትም።”

ወይዘሮ ሐቢባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሆዳቸው የነበረውን አወጡት።

“ልጄ፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽ፣ ላታውቂው ትችያለሽ። በኛ ሃይማኖት ከአንድ ጡት የጠጡ እኅትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ቤቴ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ሻይ ቤት ነው። ያንን ወተት አንድ ሰው ለሌላ ሕፃን ቢሰጥ፣ ነገ ሳያውቁ እኅትና ወንድም ሊጋቡ ነው? ይህ ሀራም በኔ አንገት አይሁን።”

አስካለማርያም ይህን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር።

“ይህስ ትልቅ ነገር ነው፣ እትዬ። እኔም በቀልድ አላልፈውም። እንግዲያው ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው። ኩባያው ክዳን ያለው ይሁን፤ ምልክትም ይታሰርለት። የእናቷን ወተት የሚያስቀምጠውም የሚሰጠውም የእርስዎ እጅ ብቻ ከሆነ በምን ይሳሳታል?”

“እጄ እንኳን አይሳሳትም…” አሉ ወይዘሮ ሐቢባ፤ ግን አልተረቱም። “ቆይ እስቲ፣ ከማሉዲን ይምጣና እንማከራለን።”

በዚህ ጊዜ ኡሙሀኒ አንገቷን ቀና አደረገች። አማቷን በጣም ታከብር ስለነበር ፊታቸው መናገር አታበዛም።

“እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እኮ በየቀኑ እታለባለሁ። በዕረፍት ሰዓት ደረቴ ይወጠርና ያመኛል። ልጆቹ እንዳያዩኝ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አፈር ላይ አፈሰዋለሁ። አፈሩ ወዲያው ይመጠዋል።”

ወይዘሮ ሐቢባ ቀና አሉ። እሳቸው ባደጉበት አገር ወተት መሬት ላይ ማፍሰስ ክፉ ነው። በልጅነታቸው አንድ ቀን ቅሉ ከእጃቸው አምልጦ ወተቱ ሲደፋ፣ እናታቸው ሳይቆጧቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው የፈሰሰውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ አይተዋል። የባቲ ጧት፣ የእናታቸው የረጠበ መዳፍ፣ ከብቱ ሲሰማራ የነበረው ዝምታ ሁሉ ድንገት ታያቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“ያ አላህ! አላህ ለዚህች ሕፃን የቆረጠላትን ሪዝቅ፣ የራሷን ሲሳይ፣ አፈር ይጠጣዋል? እኔ ደግሞ በቆርቆሮ ከድሬዳዋ አስመጣለሁ?” አሉና ብድግ ብለው ፍሪጁን ከፈቱ። የላይኛውን መደርደሪያ ባዶ አደረጉ። “ይኸው ቦታዋ። አሳዩኝ፤ ከእጅ አስተጣጠቡ ጀምሩ።”

ያን ምሽት አስካለማርያም ሁለቱንም አስተማረቻቸው። እጅ በሳሙና፣ ኩባያና ክዳን በፈላ ውሃ፣ ጡቱን በቀስታ ከሥሩ አንሥቶ ወደ ጫፉ መጫን። ጡጦው ቀረ፤ ፊንጃል ለማጠብ ይቀላልና። በማግሥቱ ባቡሩ ተጠግኖ ሲነሣ ወይዘሮ ሐቢባ ሀምዳን ታቅፈው አስካለማርያምን ሸኟት።

ነገሩ ግን ያለ ፈተና አልዘለቀም። አንድ ቀን የጣቢያው ጸሐፊ አቶ ይገዙ ወተት ያለው ሻይ አዘዙ። ሻይ የሚቀዳው ናስር የላም ወተት ቢያልቅበት ፍሪጁን ከፍቶ ቀይ ክር የታሰረበትን ኩባያ ብድግ አደረገ። ወይዘሮ ሐቢባ ከጓሮ ሆነው አዩት።

“ተው! አስቀምጥ!” ብለው ጮኹ። ናስር ደንግጦ ቆመ፤ አቶ ይገዙም ከወንበራቸው ተነሡ።

“ምን ሆኑ፣ እመቤቴ? መርዝ ነው እንዴ?”

“መርዝስ አይደለም። የምራቴ ነው” አሉ ወይዘሮ ሐቢባ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው። “ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ በዚህ ሽበትዎ ከሀምዳ ጋር አንድ ጡት ሊጠቡ ነበር!”

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ይገዙ ግን ከሳቁ በኋላ በቁም ነገር ጠየቁ፤ ጥጥ መዳመጫው ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው በቅርቡ ልትወልድ ነበርና። ወይዘሮ ሐቢባም አስቀመጧቸውና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው አስረዷቸው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ፍሪጁ ቁልፍ ተበጀለት። ከማሉዲንም ከአሰብ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ አመጣ፤ ኡሙሀኒ በረዶ ትሞላበትና በዕረፍት ሰዓት ያለበችውን በጠርሙስ ከድና በበረዶው መካከል ይዛ ትመለስ ጀመር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው አፈርም ያገኝ የነበረው ሪዝቅ ቀረበት።

ሀምዳ አገገመች። ተቅማጡ ለቀቃት፤ ጉንጯ ሞላ። እናቷም ሥራዋን ሳትተው፣ ወተቷ ሳይደርቅ አጠባቻት። ከዚያ በኋላ የጥጥ ለቃሚዎች ሚስቶች፣ የጣቢያው ሠራተኞች ሚስቶች፣ ከገዋኔ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ወይዘሮ ሐቢባን ለማማከር ይመጡ ነበር። ፍሪጅ ለሌላት የቻለች ዕለት ልጇን ወደ ሥራው ቦታ ወስዳ እንድታጠባ፣ ያልቻለች ዕለት ደግሞ ልትሄድ ስትል አልባ፣ ቤት የሚቀረው ሰው ሳይቆይ እንዲያስጠጣላት ይመክራሉ። እምቢ የምትል ስትኖር “ሰው ይታለባል እንዴ?” ትላለች፤ ያኔ ወይዘሮ ሐቢባ እንደ ሸንጎ ተሟጋች ይነሡባታል። የእናት ወተት ሳይገዛ እንደሚገኝ፣ ሕፃኑን ከተቅማጥ እንደሚጠብቅ፣ እናትንም ከጡት እብጠት እንደሚያድን አንድ በአንድ ይዘረዝሩላታል። ልማድ ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ የጡት ዝምድናን ማክበራቸው ወተቱን በጥንቃቄ እንዲይዙት ረዳቸው እንጂ አልጎዳቸውም። የሚጣለው ልጅን የሚያስርበው ነው።

ደርግ ወደቀ፤ ዘመን አለፈ። ሀምዳ ተምራ ሰመራ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች፤ እሷም ወለደች። ወይዘሮ ሐቢባ ሸምግለው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ልጇን ሊያዩ በአውቶቡስ ወረዱ። ሀምዳ ወደ ሥራ መመለሻዋ ደርሶ ነበርና አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች።

“አያቴ፣ ከእሱ ተለይቼ እንዴት እውላለሁ?”

አሮጊቷ ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀብለው ጉንጩን በጣታቸው ዳሰሱት።

“ሥራሽን ሥሪ፤ የወተቱን አያያዝ እኔ አሳይሻለሁ” አሉ። “ስትመለሺ ግን በቀጥታ ወደ እሱ ነይ፤ አንድም ቦታ አትቁሚ። ወተት ይቆያል፣ ልጄ። የማይቆየው ልጅነቱ ነው።”