የአጣቢው መዳፍ

ከካራቆሬ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ የልብ ስዕል ገልጣ ታጠናለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ አዩትና፦

«ልብ በግራ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ። አልፎ አልፎ ግን በቀኝ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ።»

«በቀኝ?»

«ምነው?»

«ጀናዛ አጣቢ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የአንድ ጎልማሳ ሬሳ ሳጥብ፣ ቀኝ ደረቱ ከመዳፌ ስር ትር ትር አለብኝ።»

«የራስዎ እጅ ይሆናል። ጣትም ትርታ አለው፤ ያሳስታል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።»

«ሐኪም አላየውም?»

«ቤት ነው የሞተው። ግራ ደረቱን አዳምጬ ‹አልቋል› ያልኩት እኔው ነኝ።»

«ቀብሩስ?»

«ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው... ያ አላህ፣ አዛን አለ እኮ! ወራጅ አለ! ወራጅ!»

ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ድረስ እጄን ከቀኝ ደረቴ ላይ አላነሳሁም።