አራት ጣት የሰፋው ቀዳዳ

ጅጅጋ ውስጥ፣ ሚኒባስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ አጠገቡ ያለችውን የጥብስ ነጋዴ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ያ የሸክላ ምድጃሽ የእንጨት ጠረጴዛ ውስጥ ገብቶ እንዴት አያቃጥለውም?»

«እንጨቱን መቼ ይነካውና! ቀዳዳውን ዙሪያውን አራት ጣት አስፍቼ ነው ያስቆረጥኩት። ከሥሩም ጡብ ደርድሬበታለሁ።»

«እኔ እኮ አናጺው ተሳስቶ መስሎኝ!»

«ሁሉም እንደዚያ ብሎ ስቆብኛል። ልክክ ሲል ነው የሚያምረው አሉኝ። የጎረቤቴን ልክክ ያለ ጠረጴዛ ግን ንፋስ በተነሳ ቀን እሳት ያዘው።»

«ያንቺስ?»

«የግመል ሥጋ ስጠብስ ናና እንጨቱን ዳብሰው፤ አይሞቅም!»

«አናጺው ምን አለ?»

«ምን ይላል? አሁን ለሁሉም የሚሠራው የእኔን ዓይነት ነው።»

እኔ ከኋላ ሆኜ፣ እንጨት ውስጥ ልክክ ብሎ የተገጠመውን የቤቴን ምድጃ እያሰብኩ አራት ጣቶቼን ገጥሜ አየኋቸው።